ሥዕሉ ፊት የተሰጠች ግጥም

ወንድሜ አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ ሲመለስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሊያስጌጥ የመጣ መስሎት ነበር። በእኛ አገር በጎንደር ሥዕል ማለት የመቅደስ ግድግዳ ነው፤ ሠዓሊም ማለት ጠምጥሞ ከደብር ደብር የሚዞር ሰው ነው። ወንድሜ ግን ኮትና ሱሪ ለብሶ፣ ሸራውን እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ ገባ። "ለየትኛው ደብር ልትሥል ነው?" ብለው ሲጠይቁት "ሰው ነው የምሥለው" ይላል። "የትኛውን ጻድቅ?" ይሉታል መልሰው።

እኔ ያን ጊዜ በሴቶች ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። ወላጆቻችን ስላለፉ ቤቱ የእኔና የእሱ ብቻ ነበር። ጓዳውን ለቀቅሁለት። ከመስቀል በኋላ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ድረስ ቀን ቀን ሲዞር ይውላል፣ ሲመለስ ይሥላል። አንድ ሰሞን ወለቃ ሄዶ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ከረመ። ሌላ ሰሞን ጠዳ ወርዶ አውድማ ዳር ተቀምጦ በሬዎች እህል ሲያበራዩ ሲያይ ሰነበተ። ልብሱ ሁሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። ምግብ ሳቀርብለት ወጡን ትክ ብሎ አይቶ "ይሄን ቀይ ከየት ነው የማገኘው?" ይለኝና እኔ እስቃለሁ።

የመጨረሻው ሥዕል ከሁሉም ትልቅ ነበር። አንድ ረጅም፣ በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ የሳንቃ በር ተዘግቶ ይታያል። ከበሩ ሥር ወንዶችና ሴቶች ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብለዋል። በጋቢያቸውና በነጠላቸው እስከ አፍንጫቸው ድረስ ተሸፍነዋል። አንዱ ዱላውን ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል። ከበሩ ወዲያ ማንም አይታይም።

"ይሄ የማን በር ነው?" አልሁት።

"የማንም አይደለም። በር ነው።"

ጎንደር ውስጥ ደጅ ጠንቶ የሚያውቅ ሰው ግን ሲያየው ያውቀዋል። ሹም ቤት ጉዳይ ያለው ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ከዚያ በር ሥር ይቀመጥ ነበር። ሹሙ ሲወጡ ይነሣል፣ እጅ ይነሣል፤ ሹሙ ያልፋሉ፣ እሱ ደግሞ መልሶ ይቀመጣል። በማግሥቱም እንዲሁ ነው። ሰዉ ይህን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ለምዶት ስለ ነበር ማንም ሥዕል ይሆናል ብሎ አላሰበውም።

በግንቦት ወር ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ከተማው ይጠረግና ይቀባ ጀመር። ወንድሜ ሥዕሎቼን ላሳይ ብሎ ቢያመለክት ወዲያው ተፈቀደለት። እንዲያውም በነገሥታቱ ግቢ ውስጥ አንድ አዳራሽ ተሰጠው። የድሮው ግንብ ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት ክልክል ስለ ነበር እንጨት አቁመን፣ ገመድ ዘርግተን፣ ሥዕሎቹን እንደ ልብስ አሰጣናቸው። ርግቦቹን ለማባረር እኔና ተማሪዎቼ መጥረጊያ ይዘን ስንሯሯጥ ዋልን።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው መጣ፤ ነገር ግን ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ቤተ ክርስቲያን ቢሆን ሥዕል ይሳለሙታል፣ ይሰግዱለታል፣ ያለቅሱበታል። እዚህ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ዝም ብለው ይቆማሉ። አንድ ሽማግሌ የወለቃዋን ሸክላ ሠሪ ሥዕል ሦስት ጊዜ አማትበው ተሳለሙት። ወንድሜ ይህን አይቶ ፊቱ ጠቆረ።

"ምን ጎደለ?" አልሁት ቤት ስንገባ።

"ዝም ይላሉ። ምንም አይሉም። ወደውት ይሁን ጠልተውት አላውቅም።"

እኔም ሳስበው ቆየሁና "የእኛ ሰው በጆሮው ነው የሚያይ። አዝማሪ እናምጣ" አልሁት።

መጀመሪያ ሣቀ። ኋላ ግን ዓይኑ በራ።

አዝማሪውን ጠጅ ቤት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ከሲታ፣ አንገተ ረጅም፣ ድምፁ ከቁመናው የሚበልጥ ሰው ነበር። ሚስቱም አዝማሪ ናት፤ አብረው ሲዘፍኑ እሱ ይጀምራል፣ እሷ ትጨርሳለች። ስንጠይቀው ገንዘቡን ሳይሆን ሥዕሎቹን አስቀድሜ ልይ አለ። በማግሥቱ አዳራሹ ሳይከፈት መጣና መሲንቆውን ብብቱ ሥር አድርጎ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። የበሩ ሥዕል ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆመ።

"ይሄኛውን ባልፈው ምን ይመስልዎታል፣ እሜቴ?" አለኝ።

"ለምን?"

"ዝም ብሎ።"

ወንድሜ "አይዘለልም። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው" አለ። አዝማሪውም ትከሻውን ሰበቀና "እንግዲህ እንደ ፈቀዳችሁ" ብሎ ሄደ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ሹሙ ከቤተ ሰቦቻቸውና ከእንግዶቹ ጋር ፊት ወንበር ተደርጎላቸው ተቀመጡ። የከተማው ሰው ከኋላ ቆመ። አዝማሪው ከሸክላ ሠሪዋ ሥዕል ጀመረ። መሲንቆውን ሁለት ሦስት ጊዜ አስጮኸና ፊቱን ወደ ሥዕሉ አዙሮ፣ ለሰው ሳይሆን ለእሷ እንደሚዘፍን ሆኖ እንዲህ አለ፦

አፈር ነው ብዬ ሳልፍ እጇ ላይ ያየሁት፣
ማሰሮ ሆነና ውሃ ጠጣሁበት።

ሰዉ እልል አለ። ያን ቀን ነው ሰዎች በእውነት ሥዕሉን ሲያዩት ያየሁት። አንዱ ለአንዱ በጣቱ ያሳያል፤ "እጇን እይ፣ ጭቃው ገና እርጥብ ነው'ኮ" ይላል። ወንድሜ ከምሰሶው ጥግ ቆሞ እንደ ሙሽራ ያልበዋል።

ከዚያ አዝማሪው ልማዱ እንደ ሆነው "ማነው ተቀበል የሚለኝ?" አለ። የአዝማሪ ወግ ነው፤ ከሕዝቡ አንዱ "ተቀበል" ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ አዝማሪው የሰጡትን ቃል በዜማ ይለዋል። የተሰጠውን አልልም ማለት ነውር ነው። የአውድማው ሥዕል ጋ ሲደርስ አንድ ጨው ነጋዴ "ተቀበል!" አለና ሰጠው፦

ያ ቀይ በሬ ዛሬ እፎይ ብሎ ዋለ፣
ሠዓሊው በብሩሹ ቁም በቃህ ስላለ።

ሹሙ ራሳቸው ሣቁ፤ ለእንግዶቹም ዞረው የግጥሙን ትርጉም ሲያስረዱ አየሁ። እኔም በልቤ ተመስገን አልሁ።

አጠገቤ አንዲት አሮጊት ቆመው ነበር። የቀሚሳቸው ዘርፍ ጭቃ ነክቶታል፤ ስንቃቸውን በእራፊ ጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። መጀመሪያ አዳራሹን ችሎት መስሏቸው፣ ሰው ሲገባ አይተው እንደ ገቡ ኋላ ነው የነገሩኝ። ቆመን ሳለን እንዳጫወቱኝ ከኮሶዬ ወዲያ ካለ ቀበሌ መጥተው የሟች ባላቸው ወንድም በወሰደባቸው የርስት መሬት ይካሰሱ ነበር። ቀጠሯቸው ለማግሥቱ ነበርና ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት አድረው ነበር።

አዝማሪው የበሩ ሥዕል ፊት ሲቆም አሮጊቷ ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ሥዕል ነው?"

"አዎ እናቴ፣ ሥዕል ነው።"

"በሩ አይከፈትም?"

"አይከፈትም። ቀለም ነው።"

አዝማሪው ስለ ጋቢው ንጣት ማንንም የማይነካ ሁለት ስንኝ አለና ለማለፍ እንደ ቸኮለ ሆኖ "ተቀበል የሚለኝ ከሌለ…" ማለት ሲጀምር አሮጊቷ ከኋላዬ፣ በቀጭን ግን ጥርት ባለ ድምፅ "አያ፣ ተቀበለኝ" አሉት።

እሱም በልማድ "ልቀበል" አለ።

ሥዕል ነው ይላሉ የማይከፈተው በር፣
እኔ ስጠብቀው እውነት መስሎኝ ነበር።

አዝማሪው የመጀመሪያውን ስንኝ ሙሉ ድምፁን አውጥቶ ዘፈነው። እጁም አፉም ለብቻቸው የሚሠሩ ናቸውና ምን እንዳለ የገባው ሁለተኛውን ሊጀምር ሲል ይመስለኛል። መሲንቆው ትንሽ ተጎተተ። ነገር ግን ግማሽ ግጥም ዘፍኖ ማቆም አይቻልም። ጨረሰው።

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሣቀ። ተከትሎም አዳራሹ በሙሉ ሣቀ፤ አጨበጨበ፣ "ድገመው!" አለ። አዝማሪው አልደገመውም። ሹሙ ፈገግታቸው ሳይጠፋ ከወንበራቸው ተነሡ፣ እንግዶቹን በእጃቸው ወደ በሩ መሩና ወጡ። እኔ ፈገግታቸውን አይቼ ቀላል ነገር መሰለኝ። ዞር ብል አሮጊቷ የሉም።

ሰዉ ተበትኖ ወንድሜና እኔ ወንበር ስንሰበስብ ሁለት ፖሊሶች መጡ። አዝማሪው ደረጃው ላይ ተቀምጦ የመሲንቆውን ጭራ ያላላ ነበር። "ተነሥ" አሉት። ተነሣ። መሲንቆውን ለእኔ ሊያቀብለኝ እጁን ሲዘረጋ አንደኛው ፖሊስ "እሱም ይመጣል" አለና ነጠቀው። ወንድሜ "ምን አደረገ? እኔ ነኝ የጠራሁት" እያለ ተከተላቸው። የግቢው በር ላይ መለሱት።

በማግሥቱ እኔም ተጠራሁ። የጠየቀኝ መኮንን ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጠኝ።

"መምህርት፣ ግጥሙን ማን እንደ ሰጠ አይተዋል?"

"ብዙ ሰው ነበር።"

"ከእርስዎ አጠገብ ነው የተሰማው ይላሉ።"

"አጠገቤም ብዙ ሰው ነበር።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እርስዎ የአማርኛ መምህር ነዎት። ወንድምዎ ሥዕሉን ሣለ። አዝማሪውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። እንዲህ ያለ የተስተካከለ ግጥም ከሜዳ አይበቅልም። እስቲ አስቢው" አለኝ። ከ'እርስዎ' ወደ 'አንቺ' የወረደው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ላይ አልተመለሰም።

አዝማሪውን ሲጠይቁት ያለው አንድ ቃል ብቻ መሆኑን ሰማሁ፦ "ዓይኔ ሥዕሉ ላይ ነበር።" ሴት ይሁን ወንድ፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ፣ አላየሁም አለ። "አያ፣ ተቀበለኝ" የሚል የሴት ድምፅ የሰማ ሰው አዳራሹን ሞልቶ ሳለ እሱ ብቻ አልሰማሁም አለ። የሚገርመው ሌላውም ሁሉ አልሰማሁም ማለቱ ነው።

አዳራሹ ተዘጋ። ሥዕሎቹን እንድናወርድ ታዘዝን፤ የበሩን ሥዕል ግን እንዳትነኩት ተባልን። ከሦስት ቀን በኋላ ወንድሜ ተጠርቶ "በሩን አጥፋው" ተባለ። ሥዕሉን ሳይሆን በሩን።

"ሰዎቹስ?" ብሎ ጠየቀ።

"ሰዎቹ ይቀመጡ። ምን አደረጉ?"

አብሬው ሄድሁ። አንድ ወታደር በጥበቃ ቆሞ ነበር። ወንድሜ ሰማያዊና ነጭ ቀላቅሎ ከላይ ጀመረ። አረንጓዴው ሳንቃ በሰማያዊው ሥር ቀስ እያለ ጠፋ። እኔ የቀለም ጨርቁን ይዤ ቆሜ ነበር። ሲጨርስ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ያሉት ሰዎች ባዶ ሰማይ ሲጠብቁ ቀሩ።

ወታደሩ ቀረብ ብሎ አየና ከልቡ "ሸጋ ሰማይ ወጣው" አለ። ሊያጽናናን ነበር መሰለኝ።

ሥዕሉን "ለጥንቃቄ" ብለው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ አላየነውም፤ የት እንደ ደረሰም አላውቅም።

አዝማሪውን ለማስፈታት እኔም ደጅ መጥናት ጀመርሁ። ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ጎህ ሲቀድ እሄዳለሁ። አረንጓዴው በር ሥር ካሉት ድንጋዮች አንዱ ላይ እቀመጣለሁ። የግንቦት ጠዋት ደጋ ላይ ይበርዳልና ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ እሸፍናለሁ። አንድ ቀን ወንድሜ ሊፈልገኝ መጥቶ ከሩቅ አየኝ። ቆመ። ቀርቦ ሊጠራኝ አልቻለም፤ ፊቱን አዙሮ ሄደ። እኔም ተነሥቼ ልከተለው ስል በሩ ተንቋቋ፣ ሹሙ ወጡ፣ እጅ ነሣሁ፣ አለፉ።

የአዝማሪው ሚስት ለባሏ ስንቅ አቀብላ ስትመለስ በየቀኑ እኔ ዘንድ ትመጣ ነበር። ደጃፌ ላይ ትቆማለች፤ ግቢ ስላት አትገባም።

"ምነው እሜቴ" አለችኝ አንድ ቀን፣ "አጠገብዎ ነበር ይላሉ። የሰጠውን ሰው ቢነግሯቸው ምን አለ? እሱ'ኮ የሰው ቃል ነው ያለ።"

ምን ልበላት? አላየሁም ማለት አልቻልሁም፤ አይቻለሁ ማለትም አልቻልሁም። "እስቲ እግዜር ያውቃል" አልኋት። አንገቷን ደፋች። "እሱም እንዲሁ ይላል። ስለምነው 'ግጥም የሰጠን ሰው አይከዱም፣ እኔ አፍ ነኝ' ይለኛል። አፍስ እሺ፣ ልጆቹ የሚበሉበት አፍ የት ይሂድ?" አለችና ሄደች።

ሰኔ ሲገባ አንድ ቅዳሜ በደባርቅ መንገድ በሚሄድ የጭነት ማኪና ኮሶዬ ወጣሁ። ለምን እንደ ሄድሁ ዛሬም በትክክል አልናገርም። ይምጡና ይናገሩ ልላቸው አልነበረም፤ ይደበቁ ልላቸውም አልነበረም። ብቻዬን ማወቁ ከብዶኝ ነው መሰለኝ። ጉሙ ገደሉን ሞልቶት መንገዱ ራሱ አይታይም ነበር። "የርስት ክርክር ያለባቸው ባል የሞተባቸው እናት" እያልሁ ስጠይቅ ከመንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት "ኸ፣ ግጥም አዋቂዋ! ለቅሶ ላይ የሚያስለቅሱት" ብላ ቤታቸውን አሳየችኝ።

ጣሪያቸው ላይ ሣር ሲያስከድኑ አገኘኋቸው። ወዲያው አወቁኝ። ተቀምጠን ነገርኋቸው። ሲሰሙ እጃቸው ላይ የነበረውን ሣር እየበጠሱ፣ እየበጠሱ፣ ጨረሱት።

"ያ መሲንቆ የያዘው? በኔ ቃል?"

"አዎ።"

"የእኔን ስም አልተናገረ?"

"ስምዎንም መልክዎንም አላውቅም ብሏል።"

"እኔ'ኮ ሰው ልነካ ብዬ አይደለም" አሉ ኋላ። "በሩን ሳየው መጣልኝ። ለቅሶ ላይ እንደሚመጣው መጣልኝ።" ከዚያ ተነሡና ነጠላቸውን ፈለጉ። "ሰኞ እመጣለሁ። እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። አሮጊት ምን ያደርጉኛል?"

"ክሱስ? መሬቱስ? ይጎዱብዎታል" አልኋቸው።

"እስከ ዛሬስ ምን ጠቀሙኝ?" አሉ።

ሰኞ እውነትም መጡ። ከመኮንኑ ፊት አብረን ገባን። አሮጊቷ ቆመው "ግጥሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አዝማሪውን ልቀቁት፤ እኔን እሰሩኝ" አሉ።

መኮንኑ እሳቸውን አይቶ እኔን አየ፤ ከዚያ ሣቀ። ክፋት ያለው ሣቅ አልነበረም፤ በእውነት አስቆት ነው። "ይችን ምስኪን ከየት አመጣሻት?" አለኝ። "ቃሉንስ ስታስጠኚያት ስንት ቀን ፈጀብሽ?"

"እሳቸው ናቸው የሰጡት። ለቅሶ ላይ የሚገጥሙ ናቸው፤ አገራቸውን ይጠይቁ።"

"መልካም" አለና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። "እንግዲያው አሁን አንድ ይስጡና እንስማ። ይኼውና ስለዚህ ጠረጴዛ።"

አሮጊቷ ጠረጴዛውን አዩት። ስልክ ነበረበት፣ ማኅተም ነበረበት፣ የውሃ ብርጭቆ ነበረበት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። እኔ በልቤ፣ እባክሽ እመቤቴ፣ አንድ ቃል ብቻ፣ እያልሁ እጸልይ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይመታል። በር ላይ የቆመው ፖሊስ እንኳ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ "ጠረጴዛ…" ብለው ጀመሩና አቆሙ።

"አልመጣልኝም" አሉ በመጨረሻ፣ እንደ ሕፃን ድምፅ ባለ ድምፅ። "ታዝዞ አይመጣም፣ ልጄ።"

"በሉ በሰላም ይግቡ" አላቸው። ለእኔ ግን "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ብታመጪ ከሥራሽ ጭምር ነው" አለኝ።

ደረጃው ላይ አሮጊቷ ተቀመጡ። "ዕድሜ ልኬን ውሸታም ስባል የዛሬውን ያህል አፍሬ አላውቅም" አሉ፤ ቀጥለውም "እውነቴን ስናገር" አሉ። ውሃ ገዝቼ አመጣሁላቸውና ከጎናቸው ተቀመጥሁ።

አዝማሪው የተፈታው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ነው። ለምን እንደ ታሰረ የተነገረው ነገር እንዳልነበረ ሁሉ ለምን እንደ ተፈታም የነገረው የለም። አንድ ጠዋት "ውጣ" አሉት፤ ወጣ። መሲንቆውንም መለሱለት። ወንድሜና እኔ ልንጠይቀው ቤቱ ሄድን። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ጉንጩ ገብቷል፤ ግን ሲያየን ተነሥቶ ሊቀበለን ሞከረ፤ ሚስቱ መልሳ አስቀመጠችው።

ወንድሜ "ይቅር በለኝ" አለው። "ልለፈው ብለኸኝ ነበር።"

"አንተ ምን አደረግህ? ሣልህ። እኔም ዘፈንሁ።" ቀጥሎም "ግጥሟ ግን ሸጋ ነበረች፤ አይደለም እንዴ?" አለ። ሰጭዋ ማን እንደሆነች አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርሁትም። ያወቀ ይመስለኛል።

የመስከረም ሠርግ ሲጀምር ተጠርቶ ሄደ። ሚስቱ ናት የነገረችኝ። አንዱ ሰካራም "ተቀበል!" ብሎ ስለ ሙሽራዋ ጥርስ ነጭነት የሚያወራ፣ ማንንም የማይነካ ግጥም ሰጠው። እሱ ግን አልተቀበለም። ቃሉን አፉ ውስጥ ይዞ፣ ምን ይሆን፣ ማንን ይሆን፣ እያለ ሲያስብ መሲንቆው ባዶውን ሄደ፤ ግጥሙም አመለጠው። ሰዉ ሣቀበት። ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲሁ ሆነ። ቤቱ ገብቶ "አዝማሪ ቃል መመዘን ከጀመረ ነጋዴ ነው" አላት። ከመስቀል በኋላ መሲንቆውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሰሊጥ አጨዳ ወደ ሰቲት ወረደ። ከእሱ በኋላ እሷ ብቻዋን መዝፈን ጀመረች፤ ግን የሚጀምርላት ሰው ስለሌለ ከመሃል ትጀምርና ትጨርሳለች ይሉ ነበር ሰዎች።

ወንድሜም በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ተመልሶ ሄደ። የሱቅ ማስታወቂያ ይሥላል፤ ደኅና ይከፍሉኛል ብሎ ላከብኝ። ደኅና ይክፈሉት አይክፈሉት አላውቅም። "ተመለስ" ልለው ብዙ ጊዜ አስቤ ምን ብዬ እንደምመልሰው ስላላወቅሁ ተውሁት።

በኅዳር አሮጊቷ አንድ ቀን ሳላስበው ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በአገልግል የተቀቀለ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይዘውልኝ መጥተዋል። ቀጠሯቸው ለግንቦት ተላልፎ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ አድርገው ነው። ምሳ በላን። ለቅሶ ላይ አሁንም ይገጥሙ እንደሆን ጠየቅኋቸው። "እንደ ድሮው አይመጣልኝም፣ ልጄ" አሉ፣ "ሲመጣልኝም ዙሪያዬን አያለሁ።"

ከሰዓት በኋላ ወደ ደባርቅ የሚሄደው ማኪና ጋ ሸኘኋቸው። ከእህል ጆንያው ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ማኪናው አልነሣ አለ። ሾፌሩ ወርዶ ሰደበውና ተሳፋሪዎቹም እኛ ሸኚዎቹም ከኋላው ሆነን ገፋን። እኔ ጫማዬ አቧራው ውስጥ ሰምጦ፣ መጽሐፌን ብብቴ ሥር አድርጌ ገፋሁ። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርስ ሞተሩ አጓራና ተነሣ። ተሳፋሪዎቹ እየሮጡ ተንጠለጠሉ። አሮጊቷ ከላይ ሆነው አንድ ነገር አሉኝ፤ በሞተሩ ጩኸት አልሰማኋቸውም። እጄን አንሥቼ እሺ አልኋቸው።